ሲሶው ከምን ላይ ነው? የአቃቂ አውድማና የመቀነስ ሂሳብ

ከ5⅝ ላይ ¾ ሲቀነስ ስንት ይቀራል?

ይህ ጥያቄ ሰሌዳ ላይ ሲጻፍ ለብዙ ተማሪ ከሩቅ አገር የመጣ እንግዳ ይመስለዋል። ላዕል፣ ታህት፣ ድብልቅ ቁጥር፣ የጋራ ታህት እየተባለ ይቀጥላል። ምሳሌው የልደት ኬክ ከሆነ ደግሞ፣ ኬክ በዓመት አንዴ እንኳ የማያይ ልጅ «ይህ ነገር ለእኔ ምን ያደርግልኛል?» ቢል አይፈረድበትም።

ነገር ግን ሂሳቡ እንግዳ አይደለም። ዛሬ በአቃቂ ቃሊቲ ክፍለ ከተማ ፋብሪካና ኮንዶሚኒየም በቆመበት ጥቁር መሬት ላይ፣ ከስድሳና ከሰባ ዓመት በፊት ገበሬው መኸር በገባ ቁጥር ይሠራው የነበረ ሂሳብ ነው። ጠመኔም ሰሌዳም አልነበረውም። የነበረው አውድማ፣ ቁና እና ጆንያ ነው። ስሌቱ ሲዛባበት የሚያጣውም የፈተና ነጥብ ሳይሆን የልጆቹን ቀለብ ነበር።

የዚህ ታሪክ ፍሬ ነገር በአንዲት አጭር ጥያቄ ይጠቃለላል፦ የሚቀነሰው ከምን ላይ ነው? ሲሶ፣ ሩብ፣ ግማሽ የሚሉት ቃላት ብቻቸውን ምንም አይናገሩም። የምን ሲሶ? የምን ግማሽ? ይህ ጥያቄ ሳይመለስ የተቀነሰ ክፍልፋይ በኢትዮጵያ ገበሬ ላይ ምን እንዳደረሰ ማየት፣ ሂሳቡንም ታሪኩንም አንድ ላይ ያስተምራል።

◾ ቋንቋው ራሱ ይቀንሳል

አማርኛ ክፍልፋይን ከትምህርት ቤት አልተማረም። ሰዓት ስንት ነው ለተባለ ሰው «ለሦስት ሩብ ጉዳይ» የሚል መልስ ሲሰጠው፣ መልሱ ውስጥ ያለው መቀነስ ነው። ተናጋሪው «ሁለት ከሦስት አራተኛ» አላለም። ሙሉውን ሦስት ይዞ ሩቡን አነሳለት። በሂሳብ ቋንቋ 3 − ¼ = 2¾ መሆኑ ነው። አንደኛ ክፍል ያልገባ ልጅም ይህን ይሰማል፣ ይረዳልም።

ገንዘቡም እንዲሁ ነበር። በ19ኛው መቶ ዘመን ማብቂያ በዳግማዊ ምኒልክ መልክ የተቀረጸው ብር የሚዘረዘረው በመቶ ሳይሆን በእኩሌታ፣ በእኩሌታው እኩሌታ ነበር። የብሩ ግማሽ አላድ፣ የብሩ አራተኛ ሩብ፣ የብሩ ስምንተኛ ተሙን ይባል ነበር። አላድ ይዞ ገበያ የወጣ ሰው የተሙን ዕቃ ቢገዛ፣ የሚመለስለት ½ − ⅛ ማለትም ሦስት ተሙን ነው። ግማሽ ብር አራት ተሙን መሆኑን ያውቃልና አራት ብሎ አንድ ያነሳል። መምህሩ «የጋራ ታህት ፈልጉ» የሚለው ይህንኑ ነው። ብሩ በ100 ሳንቲም መከፈል የጀመረው ከጣሊያን ወረራ በኋላ በወጣው ገንዘብ ነው።

የእህሉና የመሬቱ ቃላት ግን ከገንዘቡም የጠለቁ ናቸው። እኩሌታ፣ ሲሶ፣ እርቦ፣ አሥራት። እነዚህ የቁጥር ስሞች ብቻ አይደሉም። እያንዳንዳቸው ማን ለማን ምን እንደሚሰጥ የሚናገሩ የሕይወት ስሞች ነበሩ። መሬትን ለንጉሥ፣ ለቤተ ክርስቲያንና ለአራሽ በሲሶ የሚያካፍለው የቆየ አባባልም የመጣው ከዚሁ ነው።

◾ ጋሻ፣ ቃላድና ጭሰኛ

አቃቂ ከአዲስ አበባ በስተደቡብ፣ በስሙ በሚጠራው ወንዝ ዳር የተዘረጋ ሜዳ ነው። ጥቁር አፈሩ ለጤፍ፣ ለስንዴ፣ ለሽምብራና ለምስር የተመቸ ነው። አዲስ አበባ ከተቆረቆረች በኋላ በዙሪያዋ ያለው፣ ኦሮሞ ገበሬ ሲያርሰው የኖረው መሬት በቃላድ እየተለካ ለመኳንንቱ፣ ለወታደሩ፣ ለቤተ ክርስቲያንና ለመንግሥት ተደለደለ። ቃላድ የመለኪያ ገመድ ነው። በቃላድ የሚለካው ትልቁ የመሬት ስፍር ጋሻ ሲሆን፣ በኋላ ዘመን ስሌት ወደ 40 ሄክታር ይጠጋል። ልኩ ግን እንደ መሬቱ ለምነት ይለያይ ነበር።

በምኒልክ ዘመን በተያዙ ብዙ የደቡብ አገሮች የተሠራበት ድልድል ራሱ ክፍልፋይ ነበር፤ ሲሶው ለአካባቢው ባላባት ይተውና ቀሪው ሁለት ሦስተኛ ወደ መንግሥት ይዞራል። 1 − ⅓ = ⅔። ወረቀት ላይ ቀላል መቀነስ ነው። መሬት ላይ ግን ትናንት ባለርስት የነበረውን ሰው ዛሬ በሌላ ሰው መሬት ላይ ጭሰኛ ያደረገ መቀነስ ነው።

የጅቡቲው ባቡር አቃቂን አልፎ በ1909 ዓ.ም. አዲስ አበባ ሲገባ፣ የዚያ ሜዳ እህልና መሬት ዋጋው ሌላ ሆነ። ዋና ከተማው ቅርብ ነው፣ ገበያው ቅርብ ነው፣ ባለመሬቱም ብዙ ጊዜ የሚኖረው ከተማ ነው። በ1950ዎቹ መጨረሻ በመንግሥት በተደረገው የመሬት ይዞታ ጥናት፣ በሸዋ ጠቅላይ ግዛት ከግማሽ በላይ የሚሆነው አራሽ የሚያርሰውን መሬት በሙሉ ወይም በከፊል የተከራየ ነበር።

ኪራዩ ደግሞ በአብዛኛው በብር ሳይሆን በምርት ድርሻ ነው። ውሉ አይጻፍም፤ በቃል ነው። እርቦ አራሽ ሩቡን፣ ሲሶ አራሽ ሲሶውን፣ እኩል አራሽ ግማሹን ለባለመሬቱ ይሰጣል። የትኛው እንደሚሆን የሚወስነው የመሬቱ ለምነት፣ የአካባቢው ልማድ፣ በሬውና ዘሩ የማን እንደሆነ፣ ከሁሉም በላይ ደግሞ ጭሰኛው ሌላ መሬት የማግኘት ዕድሉ ነበር። ከዚህ ሌላ በባለመሬቱ ሁዳድ ላይ በነፃ መሥራት፣ በበዓል መተያ ይዞ መሄድ አለ። እነዚህ በክፍልፋይ አይገለጹም፤ ግን እነሱም ከጭሰኛው የሚቀነሱ ናቸው።

◾ በአውድማው ላይ

እስቲ አንድ እኩል አራሽ ይታሰብ። ቁጥሮቹ ለማሳያ የተወሰዱ ናቸው፤ አሠራሩ ግን የዘመኑ ነው። ሁለት ሄክታር ያህል ጤፍ ዘርቶ፣ ወቅቶና አበራይቶ 12½ ኩንታል አገኘ።

በብዙ ቦታ ልማዱ መጀመሪያ አሥራት እንዲነሳ ነበር። አሥራት አንድ አሥረኛ ነው። የ12½ አሥረኛ 1¼ ኩንታል ይሆናል።

12½ − 1¼ = 12 2/4 − 1 1/4 = 11¼

ግማሽ ማለት ሁለት ሩብ ነው። ከሁለቱ ሩብ አንዱ ሲነሳ አንድ ሩብ ይቀራል፤ ከአሥራ ሁለቱ አንዱ ሲነሳ አሥራ አንድ። እስከዚህ ድረስ ጆንያ መፍታት አላስፈለገም።

የቀረው 11¼ እኩል ይከፈላል። ለባለመሬቱ 5⅝፣ ለጭሰኛውም 5⅝። ከዚህ ላይ ጭሰኛው ለመጪው ክረምት ዘር ማስቀመጥ አለበት። ለሁለት ሄክታር ¾ ኩንታል ያህል ይበቃል ይባል። አሁን ያ የሰሌዳው ጥያቄ ራሱ መጣ፦

5⅝ − ¾

በስምንተኛ ሲቆጠር ሦስት አራተኛ ማለት ስድስት ስምንተኛ ነው። እጅ ላይ ያለው ደግሞ አምስት ስምንተኛ ብቻ ነው። ከአምስት ስድስት አይነሳም። ተማሪ የሚሰናከለው እዚህ ላይ ነው። አንዳንዱ ቁጥሮቹን ገልብጦ ከስድስት አምስት ይቀንስና 5⅛ ብሎ ይጽፋል።

ጭሰኛው ግን ይህን ስህተት ሊሠራ አይችልም። የተፈታው ጆንያ ካልበቃው ምን ያደርጋል? ከአምስቱ ሙሉ ጆንያዎች አንዱን ይፈታል። የተፈታው ጆንያ ስምንት ስምንተኛ ነው። ከነበረው አምስት ጋር አሥራ ሦስት ስምንተኛ ይሆናል። ከአሥራ ሦስቱ ስድስት ሲነሳ ሰባት ይቀራል።

5⅝ − ¾ = 4 13/8 − 6/8 = 4⅞

አራት ሙሉ ጆንያና ስምንተኛ የጎደለው አንድ ጆንያ፤ ማለትም ለአምስት ኩንታል ስምንተኛ ጉዳይ። አንድ ቤተሰብ ዓመቱን የሚበላበት፣ ጨውና ልብስ የሚገዛበት፣ ዕዳ የሚከፍልበት ይኸው ነው። ከ12½ ኩንታል ተነስቶ 4⅞ ላይ መድረስ ማለት ካመረተው ከግማሽ በታች ይዞ ቤቱ መግባት ማለት ነው።

◾ ተራው ሲቀያየር

አሁን ያንኑ ምርት፣ ያንኑ ግማሽ፣ ያንኑ አሥራት ይዞ ተራውን መቀያየር ይቻላል። ባለመሬቱ «ግማሹ ከጠቅላላው ላይ ነው፤ አሥራቱን አንተ ከድርሻህ ክፈል» ቢልስ?

12½ − 6¼ = 6¼
6¼ − 1¼ = 5
5 − ¾ = 4¼

አንድም ክፍልፋይ አልተቀየረም። ግማሹ ግማሽ ነው፣ አሥራቱም አሥራት ነው። የተቀየረው ከምን ላይ እንደሚነሳ ብቻ ነው። ልዩነቱ 4⅞ − 4¼ = ⅝ ኩንታል፣ 62½ ኪሎ ጤፍ ነው። ለአንድ መካከለኛ ቤተሰብ የአንድ ወር እንጀራ ሊሆን ይችላል።

የሲሶ አራሹም ከዚህ አያመልጥም። አሥራት ቀድሞ ከተነሳ የ11¼ ሲሶ 3¾ ነው፤ ለአራሹ 7½ ይቀራል። ሲሶው ከጠቅላላው ተነስቶ አሥራቱ በአራሹ ላይ ከወደቀ ግን ሂሳቡ ጠጠር ይላል። የ12½ ሲሶ 4⅙ ነው። ግማሽ፣ ስድስተኛና ሩብ በአንድ ሚዛን እንዲቆጠሩ ሁሉም ወደ አሥራ ሁለተኛ ይለወጣሉ፦

12 6/12 − 4 2/12 − 1 3/12 = 7 1/12

7½ ሊሆን ይችል የነበረው 7 1/12 ሆነ። የተቀነሰበት 5/12 ኩንታል፣ ከ41 ኪሎ በላይ ነው።

ውሉ በቃል ነበር ተብሏል። በቃል ውል ላይ «ሲሶ» ተብሎ «የምን ሲሶ» ካልተባለ፣ ክፍተቱን የሚሞላው ጉልበት ያለው ነው። ዳኛው ጋ ቢኬድ ዳኛው ራሱ ባለመሬት ሊሆን ይችላል። ስለዚህ ጭሰኛው ሂሳብ ስላላወቀ ተጎዳ ማለት ስህተት ነው። ሂሳቡን አሳምሮ ያውቅ ነበር። ያጣው «ከምን ላይ?» የሚለውን ጥያቄ የመመለስ መብት ነው።

◾ አሥራቱ የት ገባ?

ከጣሊያን ወረራ በኋላ መንግሥት የመሬት ግብርን በጥሬ ገንዘብ አደረገ። መሬት ለም፣ ለም ጠፍ እና ጠፍ ተብሎ በሦስት ተመደበ። እ.ኤ.አ. በ1944 በወጣው አዋጅ ቁጥር 70 መሠረት ለም መሬት በአንድ ጋሻ 15 ብር የመሬት ግብር፣ በተጨማሪም በአሥራት ፈንታ 35 ብር ይከፍላል። ከፋዩ ባለመሬቱ ነው።

በወረቀት ሲታይ ማሻሻያ ነው። በእህል ይሰበሰብ የነበረው አሥራት የተቆረጠ ብር ሆነ። መሬት ላይ የሆነው ግን ሌላ ነው። ብዙ ባለመሬቶች ለመንግሥት የተቆረጠውን ብር እየከፈሉ፣ ከጭሰኛው ግን የምርቱን እውነተኛ አንድ አሥረኛ በእህል መቀበላቸውን ቀጠሉ። አሥራት የመንግሥት መሆኑ ቀርቶ በመሃል የሚቀር ትርፍ ሆነ።

ትርፉ ምን ያህል ነው? ከጋሻው ግማሹ፣ ማለትም 20 ሄክታር ብቻ ታርሶ፣ በሄክታር 6¼ ኩንታል ተገኝቷል ይባል። ጠቅላላው 125 ኩንታል፣ አሥራቱ 12½ ኩንታል ነው። ኩንታሉ 20 ብር ቢሸጥ፣ ለመንግሥት የሚገባው 35 ብር የ1¾ ኩንታል ዋጋ ነው።

12½ − 1¾ = 11 6/4 − 1 3/4 = 10¾

10¾ ኩንታል እህል «አሥራት» በሚል ስም ከጭሰኛው ተነስቶ መንግሥት ጋ ሳይደርስ ቀረ። ዋጋው ከዚህ ዝቅ ወይም ከፍ ቢል ቁጥሩ ይለዋወጣል፤ አቅጣጫው ግን አይለወጥም። አንደኛው ወገን የሚቀንሰው ከምርት ላይ ነው፣ ሌላው የሚከፍለው የተቆረጠ ብር ነው። ምርት ሲያድግ የጭሰኛው አሥራት ያድጋል፤ 35ቱ ብር ግን 35 ብር ነው።

አሥራት በሕግ የተሻረው በ1960 ዓ.ም. የእርሻ ገቢ ግብር አዋጅ ሲወጣ ነው። አዋጁ በጎጃም ትልቅ አመፅ ያስነሳ ሲሆን፣ በሌላው አገር ደግሞ አሥራት ከተሻረ በኋላም ከጭሰኛው ይህንኑ አሥራት መቀበል ያላቆሙ ባለመሬቶች ነበሩ።

◾ የሕጉ ጣሪያ

የ1952 ዓ.ም. የፍትሐ ብሔር ሕግ የእርሻ መሬት ኪራይን በተመለከተ ጣሪያ አስቀምጧል። የባለመሬቱ ድርሻ ከምርቱ ሦስት አራተኛ ሊበልጥ አይችልም።

ሦስት አራተኛ! ይህ ቁጥር በወረቀት ላይ ገደብ ይመስላል። በአውድማው ላይ ሲሰላ ግን እንዲህ ይሆናል። የ12½ ሦስት አራተኛ 9⅜ ነው።

12½ − 9⅜ = 12 4/8 − 9 3/8 = 3⅛

አሥራቱንም ጭሰኛው እንዲከፍል ከተደረገ 3⅛ − 1¼። አንድ ስምንተኛ ከሁለት ስምንተኛ ያንሳል፤ አንድ ጆንያ ይፈታል፦ 2 9/8 − 1 2/8 = 1⅞። ዘሩ ሲነሳ 1⅞ − ¾ = 1⅛።

ሁለት ሄክታር አርሶ፣ አርሞ፣ አጭዶ፣ ወቅቶ አንድ ኩንታል ከስምንተኛ። አብዛኛው ውል እስከዚህ ጣሪያ አልደረሰም፤ ልማዱ ሲሶና እኩል ነበር። ግን ሕግ የሚመዘነው በሚፈቅደው ነገር ነው። ይህን ጣሪያ ያጸደቀ ሰው አንድ ጊዜ ቁጭ ብሎ ቀሪውን ቢቀንስ ኖሮ፣ የፈቀደው ምን እንደሆነ ባየ ነበር። ¾ ብሎ መጻፍ ቀላል ነው። የሚከብደው ከተቀነሰ በኋላ የሚቀረውን ሰው ማየት ነው።

◾ ከሲሶ ወደ መፈክር

በየካቲት 1957 ዓ.ም. የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች «መሬት ለአራሹ» ብለው አዲስ አበባ አደባባይ ወጡ። መፈክሩ ሁለት ቃል ነው፤ በውስጡ ግን የአውድማው ሂሳብ ሁሉ አለ። በሚቀጥለው ዓመት መንግሥት የመሬት ይዞታን የሚመለከት ሚኒስቴር አቋቋመ። የባለመሬትና የጭሰኛን ግንኙነት የሚያሻሽል ረቂቅ ሕግም ተዘጋጅቶ ለፓርላማ ቀረበ። ፓርላማው ግን የባለመሬቶች ነበርና ሳያልፍ ቀረ። በዚያው ጊዜ በአርሲ ጭላሎ አውራጃ ማዳበሪያና ትራክተር ምርትን ሲያሳድግ፣ ባለመሬቶች ሲሶና እኩል ከመቀበል ይልቅ ሙሉውን ራሳቸው ማረስን መረጡ። ጭሰኛው ከነክፍልፋዩ ተነሳ።

አብዮቱ ፈነዳ፣ ንጉሡ ወረዱ። የካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 31 የገጠር መሬትን የሕዝብ አደረገ። ጭሰኝነት ቀረ፤ ጭሰኛው ለባለመሬቱ ከሚከፍለው ኪራይና ግዴታ ነፃ ሆነ። አንድ ቤተሰብ ሊይዝ የሚችለው መሬት ከ10 ሄክታር እንዳይበልጥ ተወሰነ። በቀድሞው ስፍር ሩብ ጋሻ መሆኑ ነው። ስንት ጋሻ የነበረው ባለመሬት በአንድ ቀን ወደ ሩብ ወረደ። 20 ጋሻ፣ ማለትም 800 ሄክታር ደግሞ የአንድ ገበሬ ማኅበር ዝቅተኛ ስፋት ሆነ።

ሲሶና እኩል ለጊዜው ከሕግ ወጡ። መቀነሱ ግን አላበቃም። ብዙ ሳይቆይ ገበሬው በመንግሥት በተቆረጠ ዋጋ የተወሰነ ኮታ እህል ለእርሻ ሰብል ገበያ ድርጅት እንዲያስረክብ ተደረገ። አሁንም ጥያቄው ያው ነው። ኮታው የሚነሳው ከትርፉ ላይ ነው ወይስ ከቀለቡ? ዝናብ ጠፍቶ ምርት ሲያንስ ኮታው አብሮ ያንሳል ወይስ እንደ 35ቱ ብር ቆሞ ይጠብቃል? ኮታው የቀረው በ1982 ዓ.ም. ነው።

◾ ጥማድ፣ ሄክታርና ከተማው

ከዚያ ወዲህ አቃቂን የለወጣት ከተማዋ ናት። ፋብሪካው፣ መጋዘኑ፣ ቀለበት መንገዱና የጋራ መኖሪያ ቤቱ እየሰፋ ሲመጣ፣ የጤፉ ማሳ በየዓመቱ እየተሸራረፈ ሄደ። የገበሬው ሂሳብ ከእህል ወደ መሬት ተዛወረ።

2½ ሄክታር ይዞታ ካለው ገበሬ 1¾ ሄክታር ለልማት ተወሰደ ይባል። ስንት ቀረው?

2½ − 1¾ = 1 6/4 − 1 3/4 = ¾ ሄክታር

ይህንን በሄክታር ለማስላት የሚቸገር ሽማግሌ በጥማድ ሲጠየቅ ወዲያው ይመልሳል። ጥማድ አንድ ጥንድ በሬ በቀን የሚያርሰው ነው፤ በተለምዶ የሄክታር ሩብ ተደርጎ ይታሰባል። አሥር ጥማድ ነበረው፣ ሰባት ሄደ፣ ሦስት ቀረ። ክፍልፋዩ ጠፋ። ለምን? ምክንያቱም ጥማድ ለግማሹም ለሦስት አራተኛውም የጋራ መለኪያ ነው። የጋራ ታህት መፈለግ ማለት ሁለቱንም ነገሮች በሙሉ ቁጥር የሚቆጥር አነስተኛ ስፍር ማግኘት ነው። የአቃቂ ሽማግሌ ይህን የሚያውቀው ከበሬው ነው።

ካሳውም የራሱ «ከምን ላይ?» አለው። በ1997 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 455 ከእርሻ መሬቱ ለዘለቄታው ለሚነሳ ሰው፣ ባለፉት አምስት ዓመታት ያገኘው ዓመታዊ ገቢ አማካይ በአሥር ተባዝቶ እንዲከፈለው ደንግጎ ነበር። አሥር እጥፍ ሲባል ብዙ ይመስል ነበር። ግን የምን አሥር እጥፍ? ዋጋ በየዓመቱ በሚያሻቅብበት ዘመን፣ ወደ ኋላ ተሄዶ በአምስት ዓመት አማካይ የተያዘ ገቢ በወቅቱ ጤፍ ከሚያወጣው ያነሰ ነበር። መነሻው ዝቅ ካለ አሥር ጊዜም ቢባዛ ዝቅ ብሎ ይቀራል።

◾ ዛሬም የእኩል

«ይህ ሁሉ ያለፈ ነው» የሚል አይጠፋም። አይደለም። መሬት ያለው ግን በሬ ወይም ጉልበት የሌለው ሰው፣ በተለይም አቅመ ደካሞችና ባሎቻቸውን ያጡ እናቶች፣ መሬታቸውን ለሌላ አራሽ በእኩል ወይም በሲሶ መስጠታቸው ዛሬም በብዙ የኢትዮጵያ ገጠር የተለመደ ነው። አሥራት የለም፤ በቦታው ማዳበሪያ አለ።

እንደ ምሳሌ 12½ ኩንታል ተመርቶ፣ ለማዳበሪያ የወጣው ገንዘብ የ1½ ኩንታል ዋጋ ነው ይባል። ማዳበሪያውን የገዛው አራሹ ነው። ወጪው ከጠቅላላው ላይ ቀድሞ ከተነሳ፦

12½ − 1½ = 11፤ ለእያንዳንዳቸው 5½

ምርቱ መጀመሪያ እኩል ተካፍሎ ወጪው በአራሹ ላይ ብቻ ከቀረ ግን፦

6¼ − 1½ = 5 5/4 − 1 2/4 = 4¾

ልዩነቱ 5½ − 4¾ = ¾ ኩንታል ነው። በዚህ ጊዜ ጭሰኛና ባላባት የለም። ሁለቱም ድሆች ናቸው፣ ምናልባትም ጎረቤትና አበልጅ። በቅን ልቦና «እኩል» ተባብለው ተስማምተዋል። በመኸር ወቅት ግን አንደኛው የሚያስበው የጠቅላላውን እኩል፣ ሌላው የሚያስበው የቀሪውን እኩል ሆኖ ይገኛል። ሽማግሌ ፊት የሚያደርሰው ጠብ ብዙ ጊዜ የሚጀምረው በክፋት ሳይሆን ሳይነገር ከቀረው «ከምን ላይ?» ነው። ሁለት ወንድማማቾች ሱቅ ከፍተው «ትርፉ ግማሽ ግማሽ» ሲባባሉም፣ ኪራዩና ትራንስፖርቱ ሳይነሳ ነው ወይስ ከተነሳ በኋላ የሚለውን ካልተናገሩ ጠቡን ቀጠሮ አስይዘውታል።

◾ ለክፍሉ የሚተርፍ

እዚህ ላይ ለትምህርቱ የሚሆን ነገር አለ። ድብልቅ ቁጥርን መቀነስ ሦስት ነገር ይጠይቃል። መጀመሪያ፣ የሚቀነሰው ከምን ላይ እንደሆነ መለየት። ሁለተኛ፣ ሁለቱንም በአንድ ስፍር መቁጠር። ሦስተኛ፣ የተፈታው ካልበቃ አንድ ሙሉ ጆንያ መፍታት። በክፍል ውስጥ ጊዜ የሚበላው ሁለተኛውና ሦስተኛው ነው፤ እነሱን ዛሬ ስልክም ይሠራቸዋል። የመጀመሪያውን ግን ስልክ አይሠራውም። ስልኩ 12½ − 1¼ን ያሰላል እንጂ አሥራቱ ከማን ድርሻ እንደሚነሳ አይጠይቅም።

በአቃቂ ቃሊቲ የሚማር ልጅ ኬክ ከሚቆራረጥለት፣ አያቱ ያረሱት መሬት ላይ የነበረው አውድማ ቢቆራረጥለት ሁለት ነገር ያተርፋል። ከ5⅝ ላይ ¾ ሲቀነስ 4⅞ መሆኑን ያውቃል። ያ 4⅞ ደግሞ የማን ቀለብ እንደነበረ፣ ለምን 4¼ ሊሆን እንደቻለ፣ ሕጉ ደግሞ እስከ 1⅛ ድረስ ሊያወርደው ይችል እንደነበረ ያውቃል። እንዲህ የተማረ ልጅ ነገ የሥራ ውል፣ የብድር ውል ወይም የቤት ውል ቀርቦለት «ይህን ያህል በመቶ ይቆረጣል» የሚል ሲያነብ፣ ከመፈረሙ በፊት አንድ ጥያቄ ይጠይቃል።

ከምን ላይ?